ጋሽ ላላ፦ ቅዝቃዜን ሲያቆዩ የኖሩ ሰው

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ላላ» ብለው ይጠሯቸው የነበሩት መሐንዲስ፣ ከበረዶ ነጋዴው አባታቸውና ከእናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን በተመለከተ ወላጆቻቸው እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እናታቸው «ሙቀቱ ድንጋይ በሚያቀልጥበት ወቅት ነው፤ ያማጥኩት እኔ ነኝ» ሲሉ፣ አባታቸው ደግሞ «በረዶ የሚገዛ ሰው በጠፋበት ወር ነው፤ ገበያው ያኔ እንዴት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው» ይሉ ነበር። በመታወቂያቸው ላይ የሰፈረው ቀን የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ የመረጠላቸው ነው።

የተወለዱበት ቤት በጓሮው በኩል ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ የተቀበረ የበረዶ ማከማቻ ነበረው። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከልም ሆነ በበረዶው ላይ ከአናጺ ቤት የመጣ ሰጋቱራ ይሞላል። ሰጋቱራ የመነስነሱ ሥራ የእሳቸው ነበር። አንድ ጊዜ፣ አባታቸው ለንግድ ርቀው በሄዱበት ሳምንት፣ ከታዘዙት አብልጠው ለመሥራት አስበው፣ ያለውን ሰጋቱራ በሙሉ ጨምረው በእግራቸው ጠቀጠቁት። አባት ሲመለሱ የበረዶው እኩሌታ ውሃ ሆኖ ጠበቃቸው። አልመቷቸውም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው፣ «ልጄ፣ በረዶውን የሚጠብቅልን ሰጋቱራው አይደለም፤ በመካከሉ ያለው አየር ነው። ረግጠህ ካባረርከው ማን ይጠብቅልን?» አሏቸው። ጋሽ ላላ ይህን ነገር ላገኙት ሰው ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸውም በቃሏ ታውቀዋለች።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገቡ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ ከክፍል አንደኛ ይወጣል። ጋሽ ላላ ግን እውነቱን ለመናገር መካከለኛ ተማሪ ነበሩ፤ ሥዕልና ታሪክ ጭራሽ አይሆንላቸውም። ስለ ሙቀት ሲነሳ ብቻ መምህር ያስቸግራሉ። ቤት ውስጥም «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል» ያለ ሰው ከእሳቸው አያመልጥም፤ «ብርድ የሚባል ነገር አይገባም፣ የሚወጣው ሙቀት ነው» ብለው ማስረዳት ሲጀምሩ በሩ እንደተከፈተ ይቆያል፣ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። እናታቸው «የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ ቴርሞሜትር?» ይሉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. በመካኒካል ምሕንድስና በዲግሪ ተመረቁ፤ በዓመቱ በአንድ የጋዝ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ፋብሪካው አየርን ፈሳሽ እስኪሆን ድረስ እያቀዘቀዘ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ለይቶ የሚሸጥ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ እንኳ እሳት ሆኖ የሚያፈላው ቀዝቃዛ ነገር ስለሆነ፣ በተራ ዕቃ ቢቀመጥ ተንተክትኮ ይተናል። ስለዚህ በርሜል በበርሜል ውስጥ ይሠራለታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አየር በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ውስጠኛው በርሜል ደግሞ እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ስስ ፎይል ተደራርቦ ይጠቀለላል። ፎይልና ፎይል እንዳይነካኩ በየመካከላቸው ስስ መረብ ይገባል። ከተነካኩ ሙቀት መንገድ አገኘ ማለት ነው። የጋሽ ላላ የዕድሜ ልክ ሥራ ይህ ነበር፦ የዚህን ልባስ ንድፍ ማውጣት፣ መጠቅለልና መለካት።

«ጋሽ ላላ» የተባሉትም በዚሁ ነው። ሠራተኞች ፎይሉን ሲጠቀልሉ ከኋላ ቆመው «ላላ አድርጉት፣ ላላ!» ይላሉ። አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ይህን ስም ሰምተው «በሥራው ላይ ላላ ያለ ሰው እንዴት እስከ ዛሬ ተቀመጠ?» ብለው እንዲባረሩ ሊጽፉባቸው ነበር ይባላል። ወርክሾፑን መጥተው ካዩ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ጋሽ ላላ ለአዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚነግሩት አንድ ነገር ነበር፤ «ሙቀት መግባቱ አይቀርም። ማንም አስቀርቶት አያውቅም። የእኛ ሥራ ማዘግየት ነው።» ሰው ይህን ቀልድ ይመስለው ነበር።

በወቅቱ ለፎይሉ የሚሆን መረብ እንደልብ አይገኝም ነበርና፣ ጋሽ ላላ አንድ ቀን የሙሽራ ልብስ የሚሰፋበት ሱቅ ገቡ። ቬሎ የምትሰፋዋ ወጣት ሜትሯን ይዛ «የሙሽራዋ ቁመት ስንት ነው?» አለቻቸው። «ሁለት ሜትር።» «ወገቧስ?» «ዙሪያዋን ከሆነ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል።» ወጣቷ ሜትሯን አስቀምጣ ትክ ብላ ካየቻቸው በኋላ «እግዜር ያጽናህ» አለቻቸው። በዚያ ቀን የሳቁትን ሳቅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲስቁት ያየ የለም። ስለ በርሜሉ አስረዷት። እሷም መረቡን ቆርጣ፣ ፎይሉን ከመረቡ ጋር እንዴት ሳትጫነው እንደምትሰፋ እዚያው አሳየቻቸው። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ።

ባለቤታቸው ከጋብቻው በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ተቀጥረው «እትዬ መርፌ» ተባሉ። ባል ያሰላሉ፣ ሚስት ይሰፋሉ። እትዬ መርፌ ሥራው ሲያልቅ በአውራ ጣታቸው ልባሱን ቀስ ብለው ይጫኑታል፤ ጣት ገብቶ ተመልሶ ብቅ ካለ ደህና ነው፣ ይታሸጋል። ይህን መፈተኛ ያስተማሯቸው ጋሽ ላላ ናቸው። ጋሽ ላላ የሠሯቸው በርሜሎች በየሆስፒታሉና በየእንስሳት ክሊኒኩ ከተባለው ጊዜ በላይ ያቆዩ ነበር። ከሁለቱ እጅ ያለፈ ዕቃ ተመልሶ መጣ ሲባል አልተሰማም።

ብዙ ከጠበቁ በኋላ በ1981 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። ልጅቷ ገና መራመድ ስትጀምር ወርክሾፑ ገብታ፣ ናይትሮጅን ሲቀዳ መሬት ለመሬት ከሚሳበው ነጭ ጉም ውስጥ ብቅ ስላለች «ጉሜ» የሚል ስም ወጣላት። ጉሜ በአባቷ የምትቀልድ ብቸኛዋ ሰው ነበረች። «አባዬ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» ስትል፣ አባት «አልቀዘቀዘም፣ ሙቀቱ ወጣ እንጂ» ሲሉ፣ እሷ ደግሞ «ታዲያ የት ሄደ? ጥራው» ትላለች። ጋሽ ላላ በዚህ መረታታቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል እንዳይነበብ አንዳንድ ዘመዶች ጠይቀዋል። «የሞተ ሰው ገበና አይወራም» ብለዋል። አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ከጋሽ ላላ ሕይወት ከተቀነሰ፣ የቀሩትን ዓመታት ምን ሆነው እንደኖሩ የሚያውቅ አይኖርም። እትዬ መርፌም «ይነበብ» ብለዋል፤ ስለዚህ ይነበባል።

በ1999 ዓ.ም. ጉሜ ዩኒቨርሲቲ በገባች በዓመቱ የደም ካንሰር ያዛት። በመድኃኒት በሽታው ከደሟ ጠፋ፤ ሐኪሟ ግን ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል አልደበቋቸውም። መፍትሔው አንድ ነበር። ደህና ሳለች ደም የሚፈጥሩት ሕዋሳቷ ይወሰዱና በናይትሮጅን ቀዝቅዘው ይቀመጣሉ፤ በሽታው ከተመለሰ በኃይለኛ መድኃኒት ይጠረግና የራሷ ሕዋሳት ይመለሱላታል። የሚለግሳት ወንድምም እህትም አልነበራትም፤ ከዘመድም የሚገጥም አልተገኘም። ሕዋሳቷ ተወስደው በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በርሜል ውስጥ ተቀመጡ። የልጅቷ ሕይወት በአንዲት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የሆስፒታሉ በርሜል ግን ያረጀ ነበርና ላብ ማላብ ጀመረ። በርሜል ላብ ካላበው ክፍተቱ አየር አስገብቷል ማለት ነው። ጋሽ ላላ ይህን ሲሰሙ «አዲስ እሠራለሁ» አሉ። እትዬ መርፌ በዚያን ጊዜ ከልጃቸው አልጋ አጠገብ አይጠፉም። ስለዚህ ጋሽ ላላ ልባሱን ብቻቸውን ሰፉ፣ ብቻቸውን ጠቀለሉ። የተለመደው የፎይል ድርብ ለሌላ ሰው በቂ ነበር፤ ለጉሜ አልበቃቸውም። በዚያው ክፍተት ውስጥ ሌላ ድርብ ጨመሩ፣ አሁንም ጨመሩ፤ አልገባ ሲላቸው በቀበቶ ሳቡት። ከወርክሾፑ የማይጠፉት በያጁ ይህን አይተው «ጋሽዬ፣ ጠበቅ አላለም?» ቢሏቸው፣ «በይድ ዝም ብለህ» አሏቸው። በያጁ የጋሽ ላላን ድምፅ እንዲህ ሆኖ ሰምተውት አያውቁም ነበርና በየዱ።

ሌላውን ሰው ሲያስተምሩ የኖሩትን ነገር ረሱት ወይ? አልረሱትም። በወረቀት አስልተውታል፤ ድርቡ ሲበዛ ቁጥሩ እያማረ ሄደ፣ መጥበቁን ደግሞ «ትንሽ ነው» ብለው አለፉት። አዲስ በርሜል ከመላኩ በፊት ናይትሮጅን ተሞልቶ ስንት ቀን እንደሚያቆይ መለካት ነበረበት። ያም አልተደረገም፤ አሮጌው በርሜል ሊደርቅ ስለሆነ የጉሜ ከረጢት በዚያው ቀን ወደ አዲሱ ተዛወረ።

በርሜሉ በየሳምንቱ ስለሚሞላ መጀመሪያ ምንም አልታየም። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ይህ በርሜል ጥም አለበት ልበል?» ቢሏቸው፣ ጋሽ ላላ «አዲስ ዕቃ እንዲያ ነው፣ ይረጋጋል» ብለው መለሱ። ከዚያ የፋብሪካው ትልቁ የአየር መጭመቂያ ተበላሽቶ ምርት ቆመ። ኃላፊው ስልክ ደውለው «ከሌላ ከተማ አስመጥተን እንሙላው ወይስ ጥገናው እስኪያልቅ ይችላል?» ሲሉ ጠየቋቸው። ጋሽ ላላ «ይችላል። የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ናይትሮጅን ራሳቸው ጭነው ሄዱ። ክዳኑን ሲያነሱት ጉም አልወጣም። ኃላፊው ወደ ውስጥ ባትሪ አበሩ። ታቹ ደረቅ ነበር።

የተቋቋመው ኮሚቴ መንስኤው የምርት መቆም መሆኑን ወስኖ፣ በማንም ላይ ጥፋት አላገኘም። ጋሽ ላላ በዚህ አልተጽናኑም፤ በርሜሉን ወርክሾፑ አስመጥተው «ቅደደው» ብለው በያጁን አዘዙ። እትዬ መርፌ ከሆስፒታል መጥተው ቆመው ነበር። ውጭኛው ቆርቆሮ ሲነሳ ጠጋ ብለው አውራ ጣታቸውን ልባሱ ላይ ጫኑ። ጣታቸው አልገባም። እንደ ጠረጴዛ ደርቋል። ባላቸውን ቀና ብለው አዩና «አጥብቀኸዋል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ለጋሽ ላላ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ለልጅቷ የነገሯት ጋሽ ላላ ናቸው። ጉሜ «አባዬ፣ ቀለጥኩ ማለት ነው?» አለቻቸው። አባቷን ልታስቅ ነበር። እሳቸው መሳቅ ስላቃታቸው እሷ ብቻዋን ሳቀች። ሐኪሞቹ ሌላ ሕዋስ ለመውሰድ ቀጠሮ ቢይዙም በሽታው ከቀጠሮው ቀድሞ ተመለሰ። በ2001 ዓ.ም. አረፈች።

ጊዜ የማይሽረው ቁስል የለም ይባላል። ይህ አባባል የወጣው ከሌላ ቤት ነው። ጋሽ ላላና እትዬ መርፌ አንድ ቤት ኖሩ፤ ምሳ ይቀርባል፣ ይነሳል፤ ውሃ ጠፋ፣ መብራት መጣ ይባባላሉ። ተጣልተው አያውቁም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። ጋሽ ላላ ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑ ይገባሉ፣ ሠራተኛው ሲጠቀልል ከኋላ ይቆማሉ፤ «ላላ አድርጉት» ማለት ግን ተዉ። አንዳንዱ ልባስ ጠብቆ ሲያዩ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ጥፋቱን የሚያርሙት እትዬ መርፌ ነበሩ።

ጋሽ ላላ ልጃቸው ካረፈችበት ዓመት ጀምሮ የጫማቸውን ክር አስረው አያውቁም። ክራቫትም ቀበቶም ተዉ። ሰው እርጅና ነው አለ። ታናሽ እህታቸው አንድ ቀን መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ክሩን ልታስርላቸው ስትል እግራቸውን ሰበሰቡ። «ትወድቃለህ» ብትላቸው «ልውደቅ» አሏት። እሷም እንደ ደህና ሰው ቆጥራ ተቆጣቻቸው፤ ሌላ ምን ታድርግ?

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ፋብሪካው የእጅ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ሰጣቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የተሠራ በርሜል ከውጭ መግዛት ስለጀመረ ወርክሾፑ የባዶ ሲሊንደር መጋዘን ሆነ። ያስተማሯቸው ሠራተኞች ተበተኑ፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ ሌላው ሲሚንቶ ይሸጣል። «ያንን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን ዛሬ የሚፈልገው የለም» ቢሉ እውነታቸውን ነበር፤ ግን እንዲህ ብለውም አያውቁም። ሰዓቱን አላሰሩትም። መሳቢያ ውስጥ እስከ አሁን አለ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ድካም አስተኛቸው። ደም ወደ እጅና እግራቸው አልደርስ ስላለ ሁልጊዜ ይበርዳቸው ነበር። እትዬ መርፌ ስስ ብርድ ልብሶችን አንዱን በአንዱ ላይ ጣል ጣል ያደርጉላቸዋል። ነርሷ ስትመጣ ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር ወትፋ ታጠብቀዋለች፤ ስትወጣ እትዬ መርፌ ተነስተው መልሰው ያላሉታል። ጋሽ ላላ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እህታቸው በተገኘችበት፣ ጋሽ ላላ ባለቤታቸውን «አንድ ቃል በይኝ» አሏቸው። ምን ዓይነት ቃል እንደፈለጉ በክፍሉ ውስጥ ለነበረው ሁሉ ግልጽ ነበር። የእትዬ መርፌ አፍ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። ቃሉ አልመጣላቸውም። ጋሽ ላላም «እሺ» አሉ፤ ቆይተውም «በረደኝ» አሉ። ያን ጊዜ እትዬ መርፌ ጫማቸውን አውልቀው ብርድ ልብሱን ገለጡና አልጋው ላይ ወጡ፤ ባላቸውን ከኋላ አቅፈው፣ ደረታቸውን ከጀርባቸው፣ እግራቸውን ከእግራቸው ጋር አጣብቀው፣ አጥብቀው ያዟቸው። የተነካካ ነገር ሙቀት እንደሚያሳልፍ ያስተማሯቸው ራሳቸው ጋሽ ላላ ነበሩ። እትዬ መርፌ ያላቸውን ሙቀት ሰጡ። አልበቃም።

ጋሽ ላላ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውንና አንዲት ታናሽ እህት ትተዋል። ልጅ አልተዉም። «ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው» ተብሎ የሚነበብበት ቦታ ይህ ነበር፤ ባዶ ነው። የሚያርፉት ከጉሜ ጎን ነው።

ፈጣሪ፣ ሰው ሊናገረው ባቃተው ይቅርታ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ልጃቸው ባለችበት ያሳርፍልን። አፈሩንም ገለባ ያድርግላቸው። እትዬ መርፌ ግን ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ለምነዋል፤ አሁን አካፋ ለምታነሱት ወንድሞች ነው፦ አፈሩን ስትመልሱ፣ እባካችሁ፣ አትርገጡት።